አባቴን የሚሰማ ሰው

አዳማጭ ወንድ እጠላለሁ። ይህን ባልኩ ቁጥር የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ያሉት ሴቶች ሻያቸውን አስቀምጠው ያዩኛል። "አንቺ ደግሞ! ሴቱ ሁሉ አዳማጭ አጥቶ አይደል የሚያለቅሰው?" ይሉኛል። የወንድ ጨዋታ ሲነሳ እነሱ የየራሳቸውን ይደረድራሉ። አንዷ ቁመት ትላለች፤ አንዷ ጥርስ፤ አንዷ ፈጣሪውን የሚፈራ ብቻ ይሁንልኝ ትላለች፤ ከሁሉም ታናሿ ደግሞ የማይነጫነጭ ከሆነ ሌላው ትርፍ ነው ባይ ናት። ድሮ እኔም መልስ ነበረኝ፤ ያውም አንድ ቃል፦ የማይጸየፍ። የማይጸየፍ ወንድ አገኘሁ፣ ወደድኩት፣ ሽማግሌ እስከ መላክ ደረስን። ዛሬ እሱ ትዝ ሲለኝ ሐዘንም ንዴትም አይደለም የሚቀድመኝ። ምራቄን መትፋት ነው የሚያምረኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከአባቴ ልጀምር። አባቴ አምቦ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበረው። ዕድሜውን ሙሉ በወፍጮው ጩኸት ላይ ሲያወራ ስለኖረ ድምፁ ለጉድ ነበር፤ በር ላይ ቆሞ ሲጠራን ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች "አቤት" ይሉ ነበር። ከተማው የሚያውቀው ግን በዱቄቱ አልነበረም፣ በምርቃቱ ነበር። ሠርግ ሲኖር፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ አዲስ ቤት ሲገባ አባቴ ይጠራል። በኦሮምኛ ይጀምራል፣ መሀል ላይ ወደ አማርኛ ይሻገራል፣ መዝጊያው ላይ ተመልሶ ኦሮምኛ ነው። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም እኩል "አሜን" ይልለታል። ልጅ ሆኜ እሱ ሲመርቅ ከኋላው እቆምና ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ ሳይ እኮራ ነበር።

አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሲያስር ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። እግሩ ከጊዜ በኋላ በከዘራ መለስ አለለት፤ አንደበቱ ግን እንደተያዘ ቀረ። አፉ ወደ ቀኝ ተጣመመ፤ ቃሉ ይኮላተፋል፤ ሲናገር ከከንፈሩ ጥግ ምራቁ ይወርዳል። አእምሮው ግን እንደ ድሮው ነበር። ሒሳብ አይስትም፣ ነገር አይረሳም፣ ያልተያያዘ ወሬ ካወራህለት "ከዚህ በፊት ያልከው ከዚህ ጋር አይገጥምም" ብሎ የሚያፋጥጥ ሰው ነበር፤ ከታመመም በኋላ ያው ነው። ይህን ማን ይይለት? ሰው አፉ ሲጣመም ጆሮው አብሮ የተጣመመ ይመስለዋል መሰለኝ፣ ሊጠይቀው የሚመጣው ሁሉ ፊቱ ላይ ይጮህበታል። "አይዞዎት! ደህና ኖት?!" እያለ። ከዚያ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ እናቴ ዞሮ "እንዴት ነው፣ ይበላል?" ይላል። ኤዲያ! አጠገቡ ቁጭ ብሎ!

ለምርቃት የሚጠራውም ቀረ። ሠርግ ላይ የክብር ወንበር ይሰጡትና መራቂው ሌላ ሰው ይሆናል። እሱም ገባው፤ ከምርቃቱ ሰዓት በፊት "ደከመኝ" ብሎ ቤት ይገባ ጀመር።

ያ ሰው ሕይወታችን ውስጥ የገባው በጎረቤት ለቅሶ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ አፌ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። የአዲስ ዓለም ልጅ ነው፣ አምቦ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ምሳ ሲቀርብ አራት አምስት ሰው በአንድ ትሪ ይቀርባል፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ወጥ እጨምር ነበር። ከአባቴ ጋር በአንድ ትሪ የቀረቡት ሰዎች አንድ ሁለቴ ጎረሱና አንዱ "ተመስገን፣ ጠገብኩ" ብሎ ተነሳ። ሌላውም ተነሳ። ሦስተኛው፣ አባቴ ከሚስቱ ጋር ሁለቴ ያስታረቀው ሰው፣ እጁን በወረቀት እየጠረገ ሄደና ከወዲያኛው ትሪ ቀርቦ እንደ አዲስ ይጎርስ ጀመር። አባቴ ሙሉ ትሪ ፊት ለፊት ብቻውን ቀረ። አንገቱን ደፍቶ ከራሱ በኩል ያለውን ብቻ ቀስ ብሎ ይቆርሳል፤ የሌላውን ድርሻ እንዳያበላሽ። ማን ሊበላው! የያዝኩትን የወጥ ጭልፋ በዚያ ሰውዬ ራስ ላይ ብገለብጥ ደስታዬ ነበር።

ይህን ጊዜ ነው የአዲስ ዓለሙ ልጅ ከማዶ ተነስቶ የመጣው። የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ፣ አባቴ አጠገብ ተቀመጠ፣ "አባባ፣ ብቻዎን ሊጨርሱት ነው እንዴ?" አለና በእጁ ሙሉ ቆርሶ ጎረሰ። ከአባቴ በኩል ነው የቆረሰው። አየሁ እኮ፣ በዓይኔ በብረቱ! ከዚያ ከኪሱ ነጭ መሐረብ አውጥቶ የአባቴን አገጭ ጠረገለት፤ የራሱን አፍ እንደሚጠርግ ሰው፣ ጨዋታውን ሳያቋርጥ። ምሳው ሲያበቃ አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። ሊመርቅ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። አባቴ የመጀመሪያውን አለ፤ ማንም አልገባውም። ያ ሰው አብሮት ተነስቶ ጆሮውን ወደ አፉ አስጠጋና "ሐዘናችሁን የመጨረሻ ያድርገው ነው የሚሉት!" ብሎ ጮክ አለ። ሰው "አሜን" አለ። እንደዚያ እየተቀባበሉ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። አባቴ ሲቀመጥ ዓይኑ ረጥቦ ነበር። እጁ ላይ ትቶለት የነበረውን መሐረብ ሊመልስለት ሲል "ይያዙት አባባ፣ ሌላ አለኝ" አለው።

አንጀቴን በላው። ሌላ ምን ልበል? ሰውየው መልክ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ አጭር ነው፣ ጢሙ ሳሳ ያለ፣ ጆሮው ደግሞ ከራስ ቅሉ ራቅ ብሎ የቆመ። በሌላ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው ዞሬ አላየውም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያ ጆሮ ራሱ ቆንጆ ሆኖ ታየኝ። በማስተምርበት ጊንጪ በተከራየሁት ቤት ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም እሱ አጎንብሶ አባቴን ሲሰማ ፊቴ ላይ ይመጣብኛል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ለጆሮ የተንሰፈሰፍኩ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እቤት መምጣት ጀመረ። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጊንጪ ነኝ፤ ዓርብ ከሰዓት ሚኒባስ ይዤ ወደ አምቦ እመጣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እሱ ይመጣል። ጓሮ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ሁለት ወንበር ያወጡና ጨዋታ ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጢሙን መላጨት ጀመረ፤ ኮቱን ይለብሳል፤ እናቴ "ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?" እያለች ትቀልድበታለች። የወፍጮውን ዘመን፣ ያስታረቃቸውን ሰዎች፣ ጉደር ወንዝ ሞልቶ ያደረበትን ቀን፣ ሁሉንም ያወራለታል። ያ ሰው ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማል፣ ይስቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ "ይድገሙልኝ አባባ" ይላል። የገባውንም ነገር ሁሉ "ይድገሙልኝ" ይላል። አባቴ ደስ እያለው ይደግምለታል። "ይቺን ምርቃት እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ፣ መዝጊያዋን።" እኔ በኩሽናው መስኮት እያየሁ ልቤ ይቀልጣል። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው እል ነበር።

ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ሲነግረኝ አላንገራገርኩም። ሦስት ሽማግሌ ከአዲስ ዓለም ላከ። አባቴ እንደ ወጉ "ቤተሰብ ልምከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ" ብሎ ሸኛቸው። እነሱ ከግቢው ሳይወጡ ግን መልሱ ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ያዘ። በሁለተኛው ቀጠሮ ልጁን ሲሰጥ ራሱ ሊመርቅ ነው፤ ከታመመ ወዲህ ሰው ፊት ለብቻው የሚመርቅበት የመጀመሪያው ቀን። ጓሮ ከዛፉ ሥር ቆሞ እያንዳንዷን ቃል በጣቱ አፉን ወደ ግራ እየሳበ ያጠራታል። እናቴ በስልክ "አባትሽ እኮ እንደ ሕፃን ሲለማመድ ነው የሚውለው" አለችኝ። እየሳቀች ነበር፤ ቆይታ አለቀሰች።

ያን ሰሞን በኛ በኩል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ሰው ቪዲዮ የሚቀባበለው ከስልክ ወደ ስልክ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ወረፋ ላይ። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ዓርብ ጊንጪ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

መሰለኝ አይደለም የምለው። የአባቴን ድምፅ። "አባዬ!" ብዬ ዞርኩ። ታሞ ወደ አዲስ አበባ ሊወስዱት መጥተው ነው ብዬ እኮ ነው። ከኋላ ያሉት ሁለት ጎረምሶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። "ምን ሆነሽ እህቴ፣ ነይ እይ፣ ጉድ ነው!" ብለው ስልኩን አቀበሉኝ።

ያ ሰው ነው። ጋቢ ተከናንቦ፣ ከዘራ ይዞ፣ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን ወንዶች ብርጭቆ ይዘው ከበውታል። አፉን ወደ ቀኝ አጣሞ ይመርቃል። "ኔትወርኩን ይመልስላችሁ!" "አሜን!" "ሚስታችሁ ስልካችሁን አትክፈትባችሁ!" "አሜን!" ሳቁ ቤቱን ይነቀንቀዋል። አባቴ ቃል ሲያንቀው ግራ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይህን የምናውቅ እኔና እናቴ ብቻ ነን ብዬ አስብ ነበር። ጨፈነ። አባቴ ወደ መዝጊያው ሲቃረብ ትንፋሽ ያጥረውና "እእ" ይላል። አለ። ከዚያ ነጭ መሐረብ ከኪሱ አውጥቶ አገጩን ጠረገ፤ ያቺው መሐረብ መሆኗ ነው፤ ወንዶቹ እዚህ ጋ ነው ከወንበራቸው የወደቁት። ጎረምሶቹ "እዩት! እዩት! መሐረቧን!" ይላሉ።

"ይድገሙልኝ አባባ" ያለው ለዚህ ነበር። ወር ሙሉ ጓሯችን ተቀምጦ ሲያጠና ነው የከረመው። ሚኒባሱ አልሞላም ነበርና ወርጄ ከአንድ ግንብ ሥር አስመለስኩ። ድንች የምትሸጥ ሴትዮ ውሃ ሰጠችኝና "አይዞሽ፣ ወንድ ከሆነ ስለት አግቢ" አለችኝ። እርጉዝ መስያት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ወደ ሚኒባሱ ስመለስ ልጆቹን "ላኩልኝ" አልኳቸው። ላኩልኝ። ለምን እንደፈለግኩት ዛሬም በውል አላውቀውም። ምናልባት ነገ ጠዋት ለራሴ "ተሳስተሽ ነው" እንዳልል።

ከቤት በፊት እሱ ጋ ደወልኩ። አንድ ጁስ ቤት ተገናኘን። ስፕሪስ አዘዘልኝ፤ አልነካሁትም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር። ፈገግ አለ እኮ! "አንቺም ደረሰሽ? የትም ደርሷል ማለት ነው" አለ።

"አባቴ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ፤ በእናትሽ አታካብጂው። በክፋት መሰለሽ? እሳቸውን እኮ ስለምወዳቸው ነው። የማልወደውን ሰው አልችለውም፣ አይወጣልኝም። ጓደኞቼ ሁሉ እሳቸውን ካላመጣህ ጨዋታ የለም ይላሉ። ሰው ረስቷቸው ነበር፤ ስማቸውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ።"

እፍ! አሁን ይህ ምን ይባላል? ጠጪ ቢሆን፣ ሌላ ሴት ቢኖረው፣ ሰዳቢ ቢሆን ስም አለው፤ ለእናት ይነገራል። ይሄ ግን አባቴን ፊት ለፊት አንድ ቀን አላዋረደውም። አገጩን ጠርጓል፣ ከትሪው በልቷል፣ ሰምቶታል፤ ከኛ ሁሉ በላይ ሰምቶታል። ምናልባት እንዳለው ይወደውም ይሆናል። እኔን የሚያስጠላኝ ይኸው ነው። ያልተጸየፈው ደግ ስለሆነ ሳይሆን የአባቴ ምራቅ ራሱ ለሥራው ስለሚያስፈልገው ነበር። ሥጋ ሻጭ ሥጋ ይጸየፋል እንዴ?

ከዚያ መጥፎ ነገር አደረገ። ልመናውን በራሱ አፍ ቢለምነኝ ኖሮ ምናልባት ቁጭ ብዬ እጨቃጨቀው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ዘንበል አለና አፉን አጣመመ። ግራ ዓይኑን ጨፈነ። በአባቴ ድምፅ፣ "ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ይቅር በዪው፣ ልጅ ነው" አለኝ። ሊያስቀኝ! "ኢንታላኮ" የሚለኝ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። አንዳች ነገር በአንገቴ ገብቶ ወደ ጀርባዬ የሚወርድ መሰለኝ። ተነስቼ ወጣሁ፤ ከኋላዬ በራሱ ድምፅ "ቀልድ አይገባሽም እንዴ?" ሲል ሰማሁት። ሁለቱ ድምፆች ከአንድ ጉሮሮ መውጣታቸው ራሱ አቅለሸለሸኝ። ያንን አፍ እኔ ስሜዋለሁ። ቤት ደርሼ አፌን በሳሙና ታጠብኩ፤ ሞኝነት ነው፣ ግን ታጠብኩ።

ለእናቴ "አልፈልገውም" አልኳት።

"ምን አደረገሽ?"

"አስጠላኝ።"

"ማስጠላት ደግሞ ምክንያት ነው? ሌላ ሰው አየሽ?"

"የለም።"

"መታሽ?"

"አልመታኝም እማዬ፣ በቃ አስጠላኝ!"

እናቴ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀመጠች። "ስሚ" አለችኝ፤ "አንቺ ትተሽው ትሄጃለሽ፣ ጊንጪ ነሽ። አባትሽን ማን ሊሰማው ነው? እኔ እንኳ ግማሹ አይገባኝም፤ እሺ እሺ እያልኩ ነው የምኖረው። ያ ልጅ ከመጣ ወዲህ ሰው ሆነልኝ። ምክንያት ካለሽ ለአባትሽ ንገሪው።" ምክንያቱ ስልኬ ላይ ነበር። ለአባቴ የማሳየው? ሞት ይርሳኝ! በዚያ ሰዓት ጓሮ ውስጥ "ግቡ፣ ውጡ፣ ደጃችሁ አይዘጋ" እያለ ይለማመዳል። "ደጃችሁ" የምትለዋ አልወጣ ብላው ደጋግሞ ይመለስባታል።

አንድ ነገር ወሰንኩ። ሽማግሌዎቹ ይምጡ። አባቴ ይመርቅ። ሰው አንገቱን ደፍቶ "አሜን" ይበልለት፤ ያቺን ቀን ያግኛት። ከዚያ በኋላ እኔ በራሴ መንገድ አፈርሰዋለሁ፤ "ልጅቷ ዓመለ ብልሹ ናት" ይባል፣ እዳው ገብስ ነው። አባቴ ያንን ቪዲዮ ሳይሰማ ይለፍ እንጂ ሌላው ቀላል ነው ብዬ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አባቴ ኮቱን ለብሷል፤ ነጩ መሐረብ ታጥቦና ተተኩሶ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። እኔ እንደ ወጉ ከእናቴ ጋር ጓዳ ነኝ፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ። ጠያቂው ደግሞ እንደ ወጉ አይመጣም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቃል። ስለዚህ ለአባቴ የሚያስተረጉም ሰው ቤቱ ውስጥ የለም፤ ለዚህም ነበር ያ ሁሉ ልምምድ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ገቡ። ከነሱ ጋር አራተኛ ሰው ነበር፤ በመኪናው ያመጣቸው፣ ሚዜ ሊሆን የታሰበ የዚያ ሰው ጓደኛ። እሱም በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን አየሁት። ከቢራው ሳጥን በስተግራ፣ "አሜን" እያለ ጭኑን ሲመታ የነበረው እሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ተናገሩ። አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። ሁሉም ተነሳ። በኦሮምኛ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ቃል ቀስ ብላ፣ ግን ጥርት ብላ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ተያዩና "ሃ ታኡ፣ ይሁን" አሉ። ገባቸው! እናቴ ጓዳ ውስጥ እጄን ጨመቀችው። ሁለተኛዋም ወጣች። ወደ አማርኛ ተሻገረ። "ግቡ፣ ውጡ..." አለ፤ "ደጃችሁ" ላይ አነቀው። ግራ ዓይኑን ጨፈነ። "እእ" አለ። ከዚያ መሐረቡን ከኪሱ አወጣና አገጩን ጠረገ።

ከበሩ በኩል ሳቅ ፈነዳ።

ጓደኛየው አፉን በሁለት እጁ ይዟል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሊያስል ሞከረ። ቀና ብሎ አባቴን ሲያይ ሳቁ እንደገና አመለጠው። "ይቅርታ... ይቅርታ አባቶች..." አለ፣ እንባው እየወረደ። "ቁርጥ እሱን እኮ ነው! ቁርጥ እሱን!"

"ማንን?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ቆጣ ብለው።

ያን ጊዜ ጓደኛየው ያለበት ቦታ ገባው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ዓይኑ ሄዶ የአባቴ እጅ ላይ ያለችው መሐረብ ላይ አረፈ። አባቴ ዓይኑን ተከትሎ መሐረቡን አየ። ነገር የማይስት ሰው ነው ብያችኋለሁ። መሐረቡን አንድ ጊዜ አየ፣ የሳቀውን ልጅ አንድ ጊዜ አየ። ያ ልጅ አባቴን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም፣ ግን "ቁርጥ እሱን" አለው። አባቴ እጁን ዘርግቶ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሣሩ አጠገብ አስቀመጠ።

ይቀመጣል ብዬ ነበር። አልተቀመጠም። "ደጃችሁ አይዘጋ" አለና ቀጠለ። የተለማመዳትን ሁሉ፣ አንዲት ሳያስቀር፣ እስከ ኦሮምኛው መዝጊያ ድረስ መረቃቸው። ምራቁ እየወረደ ነበር፤ አልጠረገውም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸው ደረታቸው ውስጥ ገብቶ "አሜን፣ አሜን" ይላሉ። ጨረሰ። ከዚያ ትልቁን ሽማግሌ እያየ "የምንሰጣችሁ ልጅ የለንም" አላቸው። ያቺን አልተለማመዳትም ነበር፤ ግን ሁሉም ሰው ገባው።

ያ ሰው ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ደወለ፣ አላነሳሁትም። አንዴ ደግሞ ሰው ልኮ "አባባን ይቅርታ ልጠይቅ" አለ። "በየትኛው ድምፅ?" አልኩት የተላከውን ሰው። ቆይቶ ከአምቦ ተዛወረ ሲባል ሰማሁ። የሄደበትም መሥሪያ ቤት ጨዋታ አዋቂ ነው ተብሎ ይወደዳል አሉ፤ ቱ! ሴቶቹም ይወዱታል አሉ፤ አዳማጭ ነው እያሉ።

አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ነገሩ ምንም አልተናገረም። ቅዳሜ ጢሙን አልተላጨም። ወንበሬን ይዤ አቮካዶው ሥር ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። "አንቺ ጋ አለ?" አለኝ።

"ምኑ አባዬ?"

"እኔን ሲሠራ። ስልክ ላይ ነው አሉ። አሳዪኝ።"

"የለኝም" አልኩት። ኪሴ ውስጥ ነበር።

"አይተሽዋል?"

የመጀመሪያው ውሸቴ አላሳመነውም፤ አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ።

"ይችልበታል?" አለ።

ምራቁ አገጩ ላይ ወርዷል። በእጄ ጠረግኩለት፤ መሐረብ ቤታችን ውስጥ የለም፣ እናቴ አቃጥላዋለች። "ኧረ የምን መቻል! የሰካራም ጨዋታ ነው" አልኩት። "ጭራሽ አንተን አይመስልም።"

አባቴ አሰበበት። ዛፉን አየ፣ እጁን አየ፣ እኔን አየ። ነገርን ከነገር ጋር ሲያገጥም እንደሚያደርገው ቅንድቡን ሰበሰበ።

"ታዲያ" አለኝ፤ "በሩ ጋ የነበረው ያ ልጅ ምን አሳቀው?"

ጥርት ብሎ ገብቶኛል፤ እንዲደግምልኝ አልጠየቅኩትም።